እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር

ቤዝ ጊታር ተጫዋች ማለት ሲኖር የማይታይ፣ ሲጎድል የሚፈለግ ሰው ነው። እኔ ያ ሰው ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከድራሙ ፊት፣ ከዘፋኙ ትንሽ ወደኋላ ቆሜ ስለተጫወትኩ የጭምቱን ፊት ሳይሆን ጀርባውን ነው አጥርቼ የማውቀው። ፊት ይዋሻል፤ ጀርባ ግን መዋሸት አልለመደም።

ጭምቱ ያልነው እኛ የባንዱ ልጆች ነን። ከሰው ጋር ተቀምጦ ሦስት ቃል ከተናገረ «ዛሬስ ለፈለፈ» እንለው ነበር። እናቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። አባቱን ገና በጨቅላነቱ በሕመም አጥቷል። ያደገው ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ በአንድ ወገን መዶሻ፣ በሌላ ወገን የስፌት መኪና ሲመታ ውሎ ያድራል። ምት የማይስተው ለዚህ ነው እያልን እንቀልድበት ነበር። ግጥም የሚጽፈው እናቱ ልብስ ቆርጠው በጣሉት የልኬት ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። የእጅጌ ቅርጽ ያለው ግጥም አለው፣ የአንገትጌ ቅርጽ ያለው አለው። ወረቀቱ ሲጠብ ስንኙ ያጥራል፣ ሲሰፋ ይረዝማል።

ስንተዋወቅ እሱ ሃያ፣ እኔ ሃያ ሦስት ዓመታችን ነበር። ሠርግ እንጫወታለን፣ ሆቴል ውስጥ ሰው ምሳውን ሲበላ እንጫወታለን። የምንጫወተው ሁሉ የሌሎች ሰዎች ዘፈን ነው። እሱም ግጥምና ዜማ እየሠራ ለሌሎች ድምፃውያን ይሰጥ ነበር፤ ራሱ ይዘፍናል ብሎ ያሰበ አልነበረም፣ እሱም ጭምር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ ሳለን የእጅጌ ቅርጽ ያለው ወረቀት ይዞ መጣ። ጊታሩን ሳያነሣ መጀመሪያ አፏጨ። አጭር ዜማ ናት፤ ትወጣና መውረድ ስትጀምር ሐሳቧን ትለውጣለች። ድራም መቺያችን ዱላውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ሰው አፍ ላይ ነው ያገኘሁት» አለኝ። ከዚያ ዘፈነው። ስለ ታላቅ ወንድሙ ነበር።

ወንድሙ መጥፋቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጋራዡ ውስጥ መካኒክ ነበር፤ ሃያ አንድ ዓመቱ። ከዕለታት አንድ ቀን ጧት እናቱ ሲነሡ አልጋው ባዶ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ጭምቱ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ከወንድሙ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነበር የሚተኙት። የዘፈኑ አዝማች እንዲህ ይላል፦

ሲሄድ አልሰማሁም፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር፤
ማን ያስነሣኝ ያኔ፣ ደጃፉን ሲሻገር።

ተራ ስንኝ ነው። ግን በዚያ ድምፅ ሲመጣ የተለየው ሰው የሌለ አድማጭ አልነበረምና ገና በልምምዱ ክፍል ውስጥ ተያየን። ካሴቱን የቀረጽነው ከአንድ የጫማ መጋዘን በላይ በነበረ ስቱዲዮ ነው። ግድግዳው በእንቁላል መያዣ ካርቶን የተለበጠ፣ የቀረጻ ባለሙያው በነጠላ ጫማ የሚዞር፣ ከታች የቆዳና የማስቲሽ ሽታ የሚወጣበት ቤት ነበር። በመቅጃው ክፍል መስታወት ውስጥ አየው ነበር። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግራ ትከሻው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ጥፊ እንደሚጠብቅ ልጅ። «ትከሻህን ልቀቀው» አለው ባለሙያው በማዳመጫው። ለቀቀው። በሚቀጥለው አዝማች ተመልሶ ወጣ።

ዘፈኑ የት እንደደረሰ ልናገር ብል ጉራ ይመስልብኛል። ታክሲ ውስጥ ስትገባ ነበር፣ ፀጉርህን ስትቆረጥ ነበር። ባንዱ የምሳ ሙዚቃ መጫወት አቆመ። አዳራሽ፣ ከዚያ ስታዲየም መጣ። ጭምቱ ያፏጫል፤ ሕዝቡ ገና በፉጨቱ ይጮኻል፤ አዝማቹ ላይ ሲደርስ እሱ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ያዞራል። ሃያ ሺህ ሰው በአንድ አፍ «ሲሄድ አልሰማሁም» ይላል። እኔ ከኋላው ቆሜ ማይኩን ማዞሩን እንደ ዘዴ አየው ነበር። ስሙን የተከለው ያ ነው፤ ዘፈኑን ለሕዝቡ የሚሰጥ ሰው ተባለ። ቃሉን ከአፉ ለማራቅ ነው ብሎ ማን ይጠርጥር።

እናቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጡት። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ከፊት ረድፍ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እኔን «ባለ ወፍራሙ ክር» ነው የሚሉኝ፤ በልብስ ሰፊ ዓይን የቤዝ ጅማት ምንጣፍ መስፊያ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል፤ እሳቸው አልተነሡም። በኋላ ከመድረክ ጀርባ መጥተው የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «አንተ ምን ታደርግ፤ ልጅ ነበርክ፤ ልጅ እንቅልፍ አያሸንፍም» አሉት። ጭምቱ ወጥቶ መጸዳጃ ቤት ገባ። ሲያስመልስ ሰማሁት። ምግብ ነው አለኝ፤ ያን ቀን ግን ምንም አልበላም ነበር።

ከዚያ በኋላ በየመድረኩ ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር ባዶ አድርጉልኝ ይል ጀመር። ለእናቱ መስሎን ነበር። ሰው ሲቀመጥበት ግን ቃል ይጠፋበታል። አንድ ቀን ለሳውንድ ቼክ፣ ለድምፅ ሙከራ፣ ስንዘጋጅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባዶው ስታዲየም ውስጥ መዝፈኑን አቁሞ ወደዚያ ወንበር ሲያይ ቆየ። «ማነው የሚያፏጨው?» አለኝ። የሚያፏጭ አልነበረም። ድራም መቺው የድምፅ ማጉያው ነው አለ፤ እኔም ማጉያው ነው አልኩ። ማጉያው ግን ገና አልተከፈተም ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ስድስት ዓመት ሄደ። ሦስት አልበም አወጣን፤ ሰዎች ግን ያንኑ አንዱን ነው የሚጠይቁት። በመጨረሻ አሳታሚው ያረጀውን ዘፈን በአዲስ ቅንብር እንደገና እንቅረጽ አለ። ጭምቱ አንድ ወር እምቢ ብሎ በሁለተኛው ወር እሺ አለ።

አዲሱ ስቱዲዮ ሌላ ዓለም ነው። ጥቁር ስፖንጅ የለበሰ ግድግዳ፣ በሩ ሲዘጋ ጆሮህ ውስጥ የራስህ ደም ሲሄድ ትሰማለህ። የቀረጻ ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት፤ ቀልጠፍ ያለች፣ ለትልቅ ስም የማትንበረከክ። ሙዚቃው አስቀድሞ ተቀርጿል፤ የቀረው ድምፁ ነው። የመጀመሪያውን አንጓ ዘፈነ፤ ያማረ ነበር። አዝማቹ መጣ። አፉ ተከፈተ፤ ድምፅ የለም። ሙዚቃውን ወደኋላ መለሰችለት። አሁንም የለም። ሰባት ጊዜ መለሰችለት።

ከኮምፒውተሯ ሳትዞር፣ «ጋሼ፣ የማያምኑበት ስንኝ ከሆነ ይቀይሩት» አለችው። ለእሷ የሥራ ምክር ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል። ማዳመጫውን አውልቆ ወጣ። ተከተልኩት። ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በዚያ ከሰዓት በኋላ በአሥራ ስምንት ዓመት ካወራኝ ይልቅ የበዛ አወራኝ።

አልተኛም ነበር። ወንድሙ ሊነጋጋ ሲል ቀስቅሶት ነበር። በዚያው ሳምንት ወንድሙና እናቱ ተጣልተዋል፤ እሱ ወደብ ሄጄ ልሥራ ይላል፣ እሳቸው «ከሄድክ እናቴ እንዳትለኝ» ብለዋል። ወንድሙ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በሹክሹክታ፣ «ስማ ጩጬው፣ ሦስት ቀን ዝም በል። ሦስት ቀን ሲሆነው ወደብ መሄዴን ለእማዬ ንገራት። ንዴቷ ሲበርድላት ደግሞ በሰማያዊው መኪና ሹፌር አንድ ቃል ትላክልኝ፤ ና ካለችኝ እመጣለሁ» አለው። ሰማያዊው የጭነት መኪና በየሁለት ሳምንቱ ከወደብ እየመጣ ጋራዡ ጋ ይቆም ነበር። ጭምቱ የማታውን ትራፊ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው፤ መቀርቀሪያውም ጠንካራ ስለነበር እንዳይጮህ ሁለቱም ይዘው ከፈቱት። ወንድሙ የጋራዡን ጥግ እስኪታጠፍ እያፏጨ ሄደ።

«ታዲያ በሦስተኛው ቀን ለምን አልነገርካቸውም?»

«በመጀመሪያው ቀን ጠየቀችኝ፤ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር አልኳት። ወንድሜ ዝም በል ብሎኛላ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ በሰው ሞልቷል፣ ፖሊስ ተጠርቷል፣ እማዬ ሁለቴ ወድቃ ተነሥታለች። አጎቴ ቀበቶውን እየነካካ ‘እያወቀ የደበቀ ሰው ቢኖር ቆዳውን ነው የምገፈው’ አለ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ስል ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። እያደር አፌ ላይ ከበደ።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የጭምቱ ዝምታ ግን ነቀዘ። እናቱ ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞሩ፣ ከዚያ የአስከሬን ክፍሎችን ጀመሩ። ብቻቸውን መሄድ ስለማይችሉ እጁን ይዘውት ይሄዱ ነበር። ልጁ በሩ ጋ ይቆማል፤ እሳቸው ገብተው የማያውቁትን ሰው ፊት ገልጠው አይተው ይወጣሉ፤ «አይደለም፣ ተመስገን» ይሉታል። እሱ ወንድሙ እዚያ እንደሌለ እያወቀ ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ጊዜ ሹፌሩን ፈልጎ ጋራዡ ድረስ ሄዶ ነበር። ሰማያዊው መኪና ቆሟል፣ ሹፌሩም ጎማ እየለካ ነው። ከእነማን ቤት ነህ ሲለው ሮጦ ተመለሰ።

«ያንን ዘፈን ስጽፍ እኮ» አለኝ፣ «እውነቱን ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ቤት መድፊያው ‘ነበር’ መጣና ‘እንቅልፍ ወስዶኝ’ አብሮት መጣ። እንደተለማመድኩት። ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ ሁሉ ውሸቴን ይዘፍንልኝ ጀመር።»

«ግባና ዘፍነው» አልኩት ብቻ። ገባ። ሳይጽፍ ነው የዘፈነው፤ አንዴ ብቻ፦

ሲሄድ ሰምቻለሁ፣ ዓይኔም ክፍት ነበር፤
በሩን የከፈትኩት እኔው ነኝ ሲሻገር።
ወደብ ነኝ በላት ሲል፣ ቃል ሰጥቶኝ ለእናቴ፤
ሃያ ስድስት ዓመት ሻገተ ባንደበቴ።

ትከሻው አልተነሣም። ባለሙያዋ ማሽኑን አቁማ ከወንበሯ ተነሣች።

ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት እናቱ መስማት ነበረባቸው። ብቻዬን አልችልም ስላለኝ አብሬው ሄድኩ። ከአሥር ሰዓት በፊት ነበር፣ ብርሃኑ በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናው ላይ ያርፋል። የሴት ቀሚስ እየሰፉ ነበር። «ባለ ወፍራሙ ክር፣ ዛሬ ምን እግር ጣለህ» አሉኝ። ጭምቱ ትንሿን ማጫወቻ ከጨርቁ መካከል አስቀምጦ ከፈተ። ፉጨቱ ሲመጣ እግራቸው መርገጫውን እየረገጠ ነው። አዝማቹ ሲመጣ እግራቸው ቆመ።

«መልሰው» አሉት።

መለሰው። ሦስት ጊዜ አስመለሱት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«በልቶ ነው የሄደው?»

«ዳቦ ሰጥቼዋለሁ፣ እማዬ።»

«ተቆጥቶ ነበር?»

«አይ። እያፏጨ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀሚሱን ከመርፌው ሥር አላቀቁና በጥንቃቄ አጠፉት። «የሰው ልጅ ፊት ስንት ጊዜ ገለጥኩ» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «እጅህን ይዤ። እጅህ ይቀዘቅዝ ነበር። ፈርቶ ነው፣ ምነው ባላመጣሁት እያልኩ፣ ለአንተ ነበር የማዝነው። ለአንተ።»

«እማዬ—»

«ሂድ አሁን። ድምፅህን አታሰማኝ።»

አምስት ወር አላናገሩትም። የሚልከውን ተቀብለው ለጎረቤት ይሰጣሉ። እሱ በየእሑዱ ሄዶ በጋራዡ ግንብ ላይ ተቀምጦ የስፌት መኪናውን ድምፅ ሰምቶ ይመለሳል።

ዘፈኑ ወጣ። አንዳንዱ አለቀሰ፣ አብዛኛው አሮጌው ይሻላል አለ። በሁለተኛው ወር ስቱዲዮው በር ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው አገኘሁ። ትከሻቸው ሰፊ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ፣ ወደብ ላይ ሠላሳ ዓመት ክሬን ያንቀሳቀሱ ሰው ናቸው።

«ያንን ፉጨት ድሮም በሬዲዮ ሰምቼው ነበር» አሉኝ። «ፉጨት ፉጨት ነው፣ ይገጣጠማል ብዬ ተውኩት። ወደብ የሚለውን ስሰማ ግን መተው አልቻልኩም። ያንን ልጅ አውቀዋለሁ። አንድ ክፍል ነበር የምንኖረው።»

ለእናትየው ሄጄ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ክር መርፌ ውስጥ ሲያስገቡ ቆዩ፤ ክሩ አልገባም። «እንግዳውን አምጣቸው» አሉ በመጨረሻ። «ያንንም ልጅ ጥራው። ይህን ብቻዬን አልሰማም።»

አራታችን እዚያች ክፍል ተቀመጥን፤ እናትና ልጅ በአንድ አልጋ ጫፍ ላይ፣ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው። ክሬን ነጂው ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ነገሩን። ልጁ ጭነት ያወርድ ነበር፤ ጎበዝ ሠራተኛ፣ ሲያፏጭ የሚውል። ሰማያዊው መኪና በደረሰ ቁጥር ሥራውን ጥሎ ሮጦ ሄዶ ሹፌሩን «ቃል አለ?» ይለዋል። «የለም» ይለዋል ሹፌሩ፤ ከእናቱ ቃል ካልመጣ በቀር የት እንዳለ ለማንም እንዳይናገር አስምሎታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲል ኖረ። በሦስተኛው ዓመት መኪናው መምጣት አቆመ፤ ልጁም ማፏጨቱን። በአራተኛው ዓመት የሳንባ ምች ያዘው፤ ሳምንትም አልቆየ።

«ለምን ራሱ አልጻፈም?» አለ ጭምቱ። ከደረቱ ሳይሆን ከሌላ ቦታ የመጣ ድምፅ ነበር።

«ጻፍ ብዬው ነበር። ‘ነግሮልኛል፤ እሷ ናት ያልበረደላት፤ በወረቀት ላስቆጣት አልፈልግም’ አለኝ። ወንድሜ ቃሉን ይጠብቃል ይል ነበር።»

የስፌት መኪናው ላይ ዝንብ ትዞራለች። እናትየው እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው እያዩት፣ «እኔ እኮ» አሉ፣ «ዕለቱን ነው የበረደልኝ። አልጋው ባዶ መሆኑን ሳይ።»

ጭምቱ ከአልጋው ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም። እናቱ ሳያዩት እጃቸውን ራሱ ላይ አሳረፉ። ይቅር ብያለሁ አላሉም። እጃቸውን ግን ክሬን ነጂው ተሰናብተው እስኪወጡ ድረስ አላነሡም።

በወሩ ሦስታችን ወደብ ሄድን። መቃብሩ ከጨው መጋዘኖቹ ጀርባ ነው፤ ክሬን ነጂው በጊዜው የብረት ሳህን ላይ ስሙን በብየዳ ጽፈው ተክለውበታል፣ ዝገት ግማሹን ፊደል በልቶታል። እናትየው መሬቱን በመዳፋቸው ደለደሉ፤ ልክ የተሰፋ ልብስ እንደሚያለሰልሱ። ጭምቱ ራቅ ብሎ ቆመ። ጠሩት። «ና ወንድምህን አናግረው» አሉት። «የምትለው ካጣህ፣ ንዴቴ መብረዱን ንገረው። መልእክቱ አሁንም አንተ ጋ ነው ያለው።» ተንበርክኮ ነገረው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መርከቦቹን አየሁ።

አሁን የሚጫወተው አልፎ አልፎ ነው። አዲሱን ቃል ይዘፍናል፤ ማይኩንም አያዞርም። ሕዝቡ ግን የሚያውቀው አሮጌውን ነው። እሱ «ሰምቻለሁ» ሲል ከፊቱ ያለው ሁሉ «አልሰማሁም» ይላል፤ የእሱ አንድ ድምፅ፣ የእነሱ ሺህ ነው፤ ይውጠዋል። አንድ ጊዜ ባንዱን አስቁሞ ሊያስረዳቸው ሞከረ። እነሱ ወደውት ነው፣ ያለ ሙዚቃም ቀጠሉበት። ከዚያ ወዲህ አያቋርጣቸውም። እኔ ከኋላ ሆኜ የአንዱን ድምፅ ለመስማት ጅማቱን ቀስ አድርጌ እነካለሁ።

እናቱ አሁን አብረውት ነው የሚኖሩት። መነጽራቸው ወፍሯል፤ ቁልፍ ብቻ ነው የሚተክሉት። ባለፈው ልጠይቃቸው በጧት ሄጄ ኩሽናው በር ላይ ቆምኩ። ጭምቱ ጠረጴዛው ላይ ክርኑን አስደግፎ፣ እሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር።

«ከቀሰቀሰህ ጀምረህ ንገረኝ» አሉት።

«ትናንትም ነግሬሽ ነበር፣ እማዬ።»

«ዛሬም ንገረኝ።»

ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር ብሎ ጀመረ። በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ወንድሙ ጥጉን የሚታጠፍበት ጋ ሲደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ያን ቀን አልፈለጉትም።